በጓሮ የሚሠራ የሸራ ጀልባ ምሰሶ፦ ከአጠና፣ ከሞራሌ፣ ከቀርከሃና ከቱቦ

ጎረቤቶቼ በጣሪያው ክፈፍ ሥር ተጋድመው የሚደርቁትን ረጃጅም አጠናዎች ሲያዩ ተጨማሪ ክፍል ልሠራ ያሰብኩ ይመስላቸዋል። ግቢዬ ከአዲስ አበባ ዳርቻ፣ ከቱሉ ዲምቱ አለፍ ብሎ የሚገኝ ሲሆን በዙሪያው ሐይቅ የሚባል ነገር ስለሌለ፣ እንጨቶቹ የጀልባ ምሰሶ ሊሆኑ ነው ስላቸው የምቀልድ ይመስላቸዋል። ሆኖም የቢሾፍቱ ሐይቆች በመኪና ከአንድ ሰዓት በታች የሚደረስባቸው ናቸው፤ ቆቃም ከዚያ ብዙ አይርቅም። ትንሽ ጀልባ በኮምፔንሳቶ ለመሥራት የተነሣ ሰው አብዛኛውን ጊዜ አካሉን ሠርቶ ይጨርስና ምሰሶው ላይ ሲደርስ ይቆማል፤ ምክንያቱም ከውጭ የሚመጣው የአልሙኒየም ምሰሶ ከነማጓጓዣው ከጀልባው ሊበልጥ ይችላል። በመጻሕፍት ደቀል የሚባለው ይህ ምሰሶ ግን እዚሁ ከተማው ጫፍ ላይ በሚሸጡ ዕቃዎች ሊሠራ የሚችል ነው።

የማስረዳው ከ3.5 እስከ 4 ሜትር ለሚረዝም፣ አንድ ወይም ሁለት ሰው ለሚይዝና 5 ካሬ ሜትር ገደማ ሸራ ለሚሰቀልበት ጀልባ ስለሚሆን ምሰሶ ነው። ከዚህ ለሚበልጥ ጀልባ ስሌቱም ኃላፊነቱም ሌላ ነው።

ወጪ መቀነስ የሚጀምረው ምሰሶው ሳይሠራ፣ ሸራው ሲመረጥ ነው። ባለ ሦስት ማዕዘኑ ሸራ ሙሉ ቁመቱ በምሰሶው ላይ ስለሚያርፍ ለ5 ካሬ ሜትር ከ5 ሜትር በላይ የሆነ ምሰሶ፣ ብዙ ጊዜም በሽቦ ተወጥሮ የሚቆም ምሰሶ ይጠይቃል። ባለ አራት ማዕዘኑ ሸራ ግን የላይኛው ጠርዙ በራሱ አግዳሚ እንጨት ላይ ታስሮ በገመድ ስለሚሰቀል፣ ምሰሶው 4.2 ሜትር ቢሆን ይበቃዋል፤ መወጠሪያ ሽቦም ሆነ ሽቦው የሚታሰርባቸው የብረት ዕቃዎች አያስፈልጉትም። ባለ አራት ማዕዘኑ ነፋስን ፊት ለፊት ለመውጣት ከሦስት ማዕዘኑ ትንሽ ያንሳል፤ በእኔ አስተያየት ግን በገዛ እጁ ለሚሠራ ሰው ይህ ጉድለት ከሚያተርፈው ገንዘብና ድካም ጋር የሚነጻጸር አይደለም።

ምሰሶው ምን ያህል ጫና እንደሚደርስበት ለማወቅ ነፋስ መለካት አያስፈልግም። ትንሽ ጀልባን ከመገልበጥ የሚጠብቃት በጠርዟ ላይ የተቀመጠው ሰው ክብደት ነው፤ ነፋሱ ከዚያ ሲያይል ጀልባዋ ትጋደማለች፣ ሸራውም ነፋሱን ይለቃል፤ ስለዚህ ምሰሶው ሰውየው ሊቋቋመው ከሚችለው በላይ ጫና አይደርስበትም ማለት ይቻላል። 75 ኪሎ የሚመዝን ሰው ከጀልባዋ መሐል 60 ሳንቲሜትር ርቆ ቢቀመጥ የሚሰጠው ጉልበት 45 ኪሎ በሜትር ነው፤ ሁለት ሰዎች ከሆኑ 90 ይሆናል። ይህ ጉልበት በሙሉ የሚያርፈው ምሰሶው ከመቀመጫው ሳንቃ ወጥቶ ወደ ላይ በሚያልፍበት ቦታ ነው፤ ይህን ቦታ ከዚህ በኋላ አንገት እለዋለሁ። ምሰሶ የሚሰበረውም አብዛኛውን ጊዜ አንገቱ ላይ ነው።

እዚህ ላይ ስለ ከፍታችን አንድ ነገር ላንሣ። ቢሾፍቱ ከባሕር ጠለል በላይ 1,900 ሜትር ገደማ ላይ ስለሆነች አየሩ በባሕር ዳርቻ ካለው በ17 በመቶ ያህል የሳሳ ነው፤ በተመሳሳይ ፍጥነት የሚነፍስ ነፋስም ሸራውን የሚገፋው በዚያው መጠን ቀንሶ ነው። ይህን አስቦ ሸራውን ጥቂት ማስፋት ይቻላል፤ ምሰሶውን ማቅጠን ግን አልመክርም፤ ምክንያቱም የነፋስ ግፊት ፍጥነቱ እጥፍ ሲሆን አራት እጥፍ ይሆናል፣ በሐይቆቹ ዙሪያ ከቆመው ገደል አፋፍ ቁልቁል የሚወርደው ድንገተኛ ነፋስም ማስጠንቀቂያ አይሰጥም።

የአጠና ምሰሶ

ብዙ ዓይነት ሞክሬ የተመለስኩት ወደ ባሕር ዛፍ ነው። ዛፉ በዳግማዊ ምኒልክ ዘመን፣ በ1890ዎቹ እንደ ፈረንጆች አቆጣጠር፣ ለማገዶና ለቤት ሥራ ወደ አዲስ አበባ ከገባ ወዲህ በከተማዋ ዙሪያ ያለውን ኮረብታ ስለሸፈነው፣ ቀጥ ያለ ረጅም እንጨት ለማግኘት ከዚህ ከተማ የተሻለ ቦታ ብዙ የለም። ደረቅ የባሕር ዛፍ እንጨት ጠንካራ ነው፤ ችግሩ ያለው እስኪደርቅ ድረስ ነው፤ ሲደርቅ በጣም ይኮማተራል፣ ይሰነጠቃል፣ አንዳንዱም እንደ ገመድ ይጠመዘዛል። የመጀመሪያውን ምሰሶዬን እርጥቡን ልጬ፣ ቀለም ቀብቼ ፀሐይ ላይ አቆምኩት፤ በሁለት ሳምንት ውስጥ ከታች እስከ ላይ ዙሪያውን የሚዞር ስንጥቅ አወጣ፤ በመጨረሻ የዶሮ ቤት ማገር ሆነ።

አጠና ሲመረጥ ርዝመቱ ቢያንስ 4.5 ሜትር፣ ወፍራሙ ጫፍ ዳር እስከ ዳር 9 ሳንቲሜትር፣ ቀጭኑ ጫፍ 6 ሳንቲሜትር ያህል ሊሆን ይገባል፤ ሲደርቅና ሲላግ አንገቱ ላይ 7፣ ጫፉ ላይ 4 ሳንቲሜትር ይደርሳል። ከዚህ በጣም የወፈረ አጠና ገዝቶ ብዙ መላግ ስሕተት ነው፤ የእንጨቱ ጉልበት ያለው በውጭኛው አካሉ ስለሆነ ሲላግ የሚወገደው ጠንካራው ክፍል ነው። እንጨቱን በወፍራሙ ጫፍ በኩል ወደ ዓይን አቅርቦ እንደ ጠመንጃ ማነጣጠር፣ ከዚያም ሩብ ዙር አዙሮ እንደገና ማየት ያስፈልጋል፤ በአንድ በኩል ብቻ ለስለስ ብሎ የጎበጠ እንጨት ይሠራል፣ በሁለት በኩል የተጣመመ ግን ይቅር።

ከሁሉ የሚበልጠው ፈተና ግን የጭረቱ፣ ማለትም የእንጨቱ ክሮች የሚሄዱበት፣ አቅጣጫ ነው። ይህን ያስተማሩኝ አጠና የሚሸጡ አንድ አዛውንት ናቸው። ክምሩን ሳገላብጥ አይተው «ልጄ፣ ቋሚ ነው ወይስ ሞፈር የምትፈልገው?» አሉኝ። «አባባ፣ የጀልባ ምሰሶ ነው፤ ነፋስ የሚጎትተው» ስላቸው ጥቂት አሰቡና «እንግዲያው ሞፈር ነው። ቋሚ ይሸከማል እንጂ አይጎተትም» አሉ። ከዚያም ከክምሩ ጥግ ለወራት ፀሐይ የመታውን አንድ አሮጌ አጠና ጎትተው አወጡና ስንጥቁን በጣታቸው ተከተሉት፤ ስንጥቁ ከእግሩ ጀምሮ እየዞረ በአንድ ክንድ ርዝመት ውስጥ ወደ ሌላኛው ጎን አለፈ። ከዚያ ደን የመጣውን ጭነት እንዳልነካ ነገሩኝና ስንጥቁ እንደ ክር ቀጥ ብሎ ወደ ወረደበት ሌላ ክምር ወሰዱኝ። ትምህርቱ ይህ ነው፦ ቀጥ ያለ ስንጥቅ ምሰሶን ብዙም አያዳክምም፤ እየዞረ የሚሄድ ስንጥቅ ግን ምሰሶው ሲጎብጥ ተከትሎት እንዲሰበር መንገድ ያሳየዋል። እርጥብ እንጨት ላይ ስንጥቅ ገና ስላልወጣ በቅርፊቱ ሥር ያሉት ረቂቅ መስመሮች ወዴት እንደሚሄዱ ማየት ይገባል።

ቅርፊቱ ተልጦ እንጨቱ ቤት እንደደረሰ ሁለቱ ጫፎች በዚያው ቀን በወፍራም የዘይት ቀለም መደፈን አለባቸው፤ እርጥበት በጫፍ በኩል ቶሎ ስለሚወጣ ስንጥቅ የሚጀምረው ከዚያ ነው። ከዚያ በጥላ ሥር፣ ነፋስ በሚያገኘው ቦታ፣ ከመሬት ከፍ ብሎ በየአንድ ሜትሩ በተቀመጠ ድጋፍ ላይ ይጋደማል፤ በየሳምንቱም ሩብ ዙር ይገለበጣል። ስንጥቁ በዘፈቀደ እንዳይወጣ የሚፈራ ሰው ከእግር እስከ ራስ፣ እስከ እንጨቱ ልብ የሚጠልቅ አንድ ቀጥ ያለ የመጋዝ መስመር አስቀድሞ ሊያወጣ ይችላል፤ እንጨቱ ሲኮማተር የሚከፈተው በዚያው መስመር ይሆናል፣ መጨረሻ ላይም በቀጭን እንጨትና በኮላ ይሞላል። የደረቀ መሆኑን በግምት ከመወሰን መመዘን ይሻላል። እኔ በየሁለት ሳምንቱ ሰፈር ወዳለው ወፍጮ ቤት እየወሰድኩ በእህል ሚዛን ላይ አስቀምጠዋለሁ፤ ሚዛኑ በሁለት ተከታታይ ጊዜያት ካልቀነሰ ደርቋል። በጥቅምት የተጋደመ አጠና በእኔ ግቢ እስከ የካቲት ይደርሳል፤ በሐምሌ የተገዛ ግን ክረምቱ እስኪወጣ መጠበቁ አይቀርም።

የደረቀው እንጨት መላጊያ የሚፈልገው ጉጦቹ ላይና አንገቱ አካባቢ ብቻ ነው፤ ባሕር ዛፍ በተፈጥሮው ወደ ጫፉ እየቀጠነ ስለሚሄድ ግማሹን ሥራ ራሱ ሠርቶታል። ትልቅ ጉጥ ካለ ከአንገቱ ርቆ ወደ ላይኛው ሲሶ እንዲወድቅ እንጨቱ ሲቆረጥ መታሰብ አለበት። ያለቀለት ምሰሶ 8 ኪሎ ገደማ ይመዝናል።

ከሞራሌ የሚጣበቅ ምሰሶ

ወራት መጠበቅ ለማይችል ሰው ደረቅ የፈረንጅ ጥድ ሞራሌ ሁለተኛው ምርጫ ነው። የአገር በቀሉ ጥድና ዝግባ በሕግ የሚጠበቁ ዛፎች ስለሆኑ ምንጫቸው ያልታወቀውን መሸሽ ይገባል፤ የተተከለው የፈረንጅ ጥድ ግን በየእንጨት መሸጫው ይገኛል፣ ከባሕር ዛፍም በጣም ይቀላል። ሁለት ሞራሌዎች ጎን ለጎን ሲጣበቁ የአንዱ ጭረት ከሌላው በተቃራኒ እንዲዞር ማድረግ ምሰሶው በኋላ እንዳይጣመም ይረዳል። እንጨቱ ቢያጥር መቀጠያው ቀጥ ብሎ መቆረጥ የለበትም፤ የእንጨቱን ውፍረት ቢያንስ 8 እጥፍ፣ ቢቻል 10 እጥፍ በሚረዝም ሰያፍ ቁርጥ ተላግቶ ይጣበቃል፤ የሁለቱ ሞራሌዎች መቀጠያም ትይዩ እንዳይሆን አንዱ ከላይ፣ ሌላው ከታች ይደረጋል።

ተራው ነጭ ኮላ ለቤት ዕቃ ጥሩ ነው፤ ለምሰሶ ግን አይሆንም፤ እርጥበት ሲያገኘው ይለሰልሳል፣ የማያቋርጥ ጫና ሲደርስበትም ቀስ ብሎ ይንሸራተታል። በሁለት ጣሳ የሚመጣው ኢፖክሲ ውድ ቢሆንም ለአንድ ምሰሶ የሚያስፈልገው ትንሽ ነው። ይህ ኮላ ብርድ አይወድም፤ በኅዳርና በታኅሣሥ የእኛ አካባቢ ሌሊት ለእርሱ በጣም ቀዝቃዛ ስለሆነ፣ ከረፋዱ ላይ ማጣበቅና ማታ በብርድ ልብስ መሸፈን ይገባል። ማያያዣው በዛ ማለት ክፋት የለውም፤ በየ20 ሳንቲሜትሩ አንድ ማያያዣ የሌለው ሰው ከጎማ ውስጠኛ ላስቲክ ረጅም ጥብጣብ ቆርጦ አጥብቆ ሊጠመጥምበት ይችላል፤ እኔ እንደውም ይህን ከብረቱ ማያያዣ እመርጠዋለሁ።

አራት ማዕዘኑን ድቡልቡል ማድረግ ለጀማሪ አስፈሪ ይመስላል፤ መላው ግን ቀላል ነው። እያንዳንዱ ፊት ስፋቱ 24 እኩል ክፍል እንዳለው ታስቦ 7፣ 10 እና 7 ተብሎ በሁለት መስመር ይከፈላል፤ ከመስመሮቹ ውጭ ያሉት ማዕዘኖች ሲላጉ ባለ ስምንት ጎን እንጨት ይወጣል። ምሰሶው ወደ ላይ ስለሚቀጥን መስመሮቹን በየቦታው መለካት አሰልቺ ነው፤ ስለዚህ አንድ ቁራጭ እንጨት ላይ 24 ሳንቲሜትር ተለክቶ በሁለቱ ዳር ሚስማር ይመታል፣ በመካከል ደግሞ 7 እና 17 ላይ የእርሳስ ጫፍ የሚያሳልፉ ሁለት ቀዳዳዎች ይበሳሉ። ቁራጩ በሰያፍ ተይዞ ሁለቱ ሚስማሮች የእንጨቱን ሁለት ጠርዝ እየነኩ ሲጎተት፣ ስፋቱ የትም ቢለዋወጥ እርሳሶቹ ትክክለኛውን መስመር ያሰምራሉ። ስምንቱ ጎን አሥራ ስድስት ከሆነ በኋላ የቀረውን የብርጭቆ ወረቀት ይጨርሰዋል።

ቀርከሃ

የደጋው ቀርከሃ ውስጡ ክፍት ስለሆነ ቀላልና ጠንካራ ነው፤ የቆላው ደግሞ ውስጡ ድፍን ወይም ለድፍን የቀረበ በመሆኑ ለምሰሶው ሳይሆን ለሸራው አግዳሚዎች ይመቻል። ቀርከሃ ሁለት ጠላቶች አሉት። አንደኛው በውስጡ ያለውን ስታርች የሚበላው ነቀዝ ሲሆን፣ ከሦስት ዓመት በላይ የቆየ ቀርከሃ በበጋ ተቆርጦ ከመድረቁ በፊት ለሳምንታት ውኃ ውስጥ ቢነከር ጉዳቱ ይቀንሳል። ሁለተኛው መሰንጠቅ ነው፤ ስለዚህ በሁለት አንጓ መካከል ፈጽሞ አይበሳም፣ አይቸነከርም። ገመድ የሚታሰረው በአንጓው ሥር ተጠምጥሞ ነው፤ አንገቱ የሚያርፍበት ክፍል ውስጡ በተላገ ድቡልቡል እንጨትና በኢፖክሲ ይሞላል፣ ውጩም ኮላ በጠጣ ሲባጎ በየአንጓው መካከል ይጠመጠማል። ገበሬ ሞፈርና ቀንበርን የሚያስርበት ምራን፣ ሲደርቅ ይጠብቃል በሚል ለዚህ ሥራ እንዲሆን የሚመክሩ አሉ፤ እውነት ነው ይጠብቃል፤ ጥሬ ቆዳ ግን ሲረጥብ ተመልሶ ይላላል፣ ጀልባ ደግሞ የሚረጥብ ነገር ነው።

ብረትና አልሙኒየም

ቱቦላሬ በ6 ሜትር ርዝመት ስለሚሸጥ፣ መበየጃም በየመንገዱ ስላለ፣ ብዙ ሰው መጀመሪያ የሚያስበው ብረትን ነው። እኔም ሠርቻለሁ፤ ሁለት ቁራጭ በብየዳ ቀጥዬ፣ መጋጠሚያውን ሳላስብ ልክ አንገቱ ላይ አድርጌው፣ በሦስተኛው ጉዞ ብየዳው ዳር ላይ ታጠፈ። ጥፋቱ ከበያጁ አልነበረም፤ ቦታውን የመረጥኩት እኔ ነበርኩ። ይሁን እንጂ ያልተቀጠለ ቱቦም ቢሆን ሒሳቡ አያዋጣም። ዲያሜትሩ 50፣ ውፍረቱ 2 ሚሊሜትር የሆነ ክብ ቱቦ 4.2 ሜትሩ 10 ኪሎ ገደማ ይመዝናል፤ ሁለት ሰው ጠርዝ ላይ ወጥቶ ሲታገለው ተራው ብረት ሊታጠፍ ከሚጀምርበት ጫና ላይ ይደርሳል፤ 8 ኪሎ የሚመዝነው አጠና ግን በዚያው ጫና ሥር ከአቅሙ ሲሶ ብዙም አያልፍም። በዚያ ላይ ቱቦው እኩል ውፍረት ስላለው ክብደቱ መሐሉ ላይ ነው፤ የአጠናው ክብደት ግን ወደ እግሩ ዝቅ ይላል። ሌላም አለ፤ ይህ የብረት ቱቦ ሁለቱም ጫፍ ቢደፈን እንኳ ውኃ ላይ አይንሳፈፍም፤ ከእጅ አምልጦ እንደ ባቦጋያ ባለ ጥልቅ ሐይቅ ውስጥ የወደቀ ምሰሶ የሐይቁ ሆኖ ይቀራል። የውኃ መስመር ጋልቫናይዝድ ቧንቧ ደግሞ ባለ 2 ኢንቹ ለአንድ ሜትር 5 ኪሎ ያህል ስለሚመዝን ከነጭራሹ አይታሰብም፤ የፕላስቲክ ቧንቧም እንደ ሸንበቆ ይተጣጠፋል።

አልሙኒየም የተሻለ ነው። ተመሳሳይ ልኬት ያለው ቱቦ 3.5 ኪሎ አይሞላም፣ ጫፎቹ ከተደፈኑም ይንሳፈፋል። በ1947 ለልጆች የተነደፈችውና በዓለም ዙሪያ የታወቀችው ኦፕቲሚስት የተባለች ትንሽ ጀልባ ዛሬ 45 ሚሊሜትር የአልሙኒየም ምሰሶ ነው የምትጠቀመው፤ እርሷ ግን አንድ ቀላል ልጅ የሚነዳትና ሸራዋም ያነሰ ነው። ለመስኮትና ለበር ሥራ የሚሸጠው አልሙኒየም ለስላሳ ዓይነት ስለሆነ አንድ ትልቅ ሰው ብቻውን እንኳ ወደ ጉልበቱ ወሰን ያስጠጋዋል። መፍትሔው ከእግሩ እስከ አንገቱ በላይ 60 ሳንቲሜትር ድረስ በልክ የተላገ ደረቅ እንጨት በኢፖክሲ ማስገባት ነው፤ እንጨቱ የሚያልቅበት ጫፍ ሾጠጥ ካላለ ቱቦው እዚያው ላይ ይታጠፋል። የስምጥ ሸለቆውና የቢሾፍቱ ሐይቆች ውኃ አልካላይን ስለሆነ አልሙኒየምን ይበላል፤ ስለዚህ ከእያንዳንዱ ጉዞ በኋላ በንጹሕ ውኃ መታጠብ አለበት።

እግሩና አንገቱ

ምሰሶው ከአንገቱ በታች 40 ሳንቲሜትር ወርዶ በወለሉ ላይ በተጣበቀ እግር መያዣ ውስጥ ይቆማል። 45 ኪሎ በሜትር የሆነው ጉልበት ለ0.4 ሲካፈል እግር መያዣው ወደ ጎን 112 ኪሎ ያህል እንደሚገፋ ያሳያል፤ በሁለት ሰው ደግሞ እጥፉን። ስለዚህ መያዣው በሁለት ሚስማር የተመታ ቁራጭ ሊሆን አይገባም፤ ከወለሉ ጋር ተጣብቆ ሮንዴላ ባላቸው ቡሎኖች የታሰረ፣ ውኃ የሚወጣበት ቀዳዳም ያለው ወፍራም እንጨት ይሁን። አንገቱ ላይ ያለው ቀዳዳ ከምሰሶው በ5 ሚሊሜትር ያህል ሰፍቶ ክፍተቱ በቆዳ ወይም በጎማ ላስቲክ ይሞላል። የሸራው መስቀያ ገመድ ከጫፉ በታች 10 ሳንቲሜትር ላይ በሚታሰር መዘውር ያልፋል፤ መዘውሩን ለመስቀል ምሰሶውን መብሳት አያስፈልግም፣ በገመድ ቀለበት ማንጠልጠል ይበቃል።

ቀለሙና ፈተናው

ቫርኒሽ ያምራል፤ በዚህ ከፍታ ያለው ፀሐይ ግን ቶሎ ያነሳዋል። እኔ የተልባ ዘይት ከአኳራጅ ጋር በእኩል ቀላቅዬ ሁለት ጊዜ በስሱ እቀባና፣ ሙሉ በሙሉ እስኪደርቅ ታግሼ፣ በላዩ ነጭ የዘይት ቀለም እደርባለሁ። ለምግብ የሚሸጠው ጥሬ የተልባ ዘይት ለመድረቅ ሳምንታት ይወስዳል፤ በወፍራሙ ከተቀባ ይሻግታል። ዘይቱ የተጠረገበት ጨርቅ ተጨማዶ ከተጣለ በራሱ ግሎ እሳት ሊያስነሣ ስለሚችል፣ ተዘርግቶ ይድረቅ ወይም ውኃ ውስጥ ይነከር።

ምሰሶው ሐይቅ ከማየቱ በፊት ግቢ ውስጥ ይፈተናል። የእግሩ 40 ሳንቲሜትር በሁለት ጠንካራ ቋሚዎች መካከል እንዳይነቃነቅ ይታሰርና ምሰሶው እንደ አግዳሚ ይዘረጋል፤ ከአንገቱ 2 ሜትር ርቆ ውኃ የሞላ ባለ 20 ሊትር ቢጫ ጀሪካን ይንጠለጠላል። ይህ አንድ ሰው ጠርዝ ላይ ሲታገል ከሚፈጠረው ጫና ጋር የተቀራረበ ነው፤ ሁለተኛው ጀሪካን ሲጨመር የሁለት ሰው ይሆናል። ጥሩ አጠና በመጀመሪያው ጀሪካን ጥቂት ሳንቲሜትር ዝቅ ይላል፣ በሁለተኛው ደግሞ እጥፍ ያህል፤ ሲወርዱለት ወደ ነበረበት ይመለሳል። ከጭነቱ በፊት ጫፉ ከመሬት ያለው ርቀት ተለክቶ ይጻፍ፤ ጀሪካኖቹ አንድ ሰዓት ቆይተው ከወረዱ በኋላ ልዩነቱ ከአንድ ሳንቲሜትር ከበለጠ፣ ወይም በመካከል እንጨቱ ጠቅ ሲል ከተሰማ፣ ያ ምሰሶ ወደ ማገርነት ይመለስ። በፈተናው ሰዓት ሕፃናትም ሰውም ከሥሩ እንዳይቆሙ።

በመኪና ጣሪያ ሲጫን ወፍራሙ ጫፍ ወደ ፊት ሆኖ በሦስት ቦታ ይታሰራል፤ ከኋላ በሚተርፈው ላይ ቀይ ጨርቅ ይደረግበታል። ሐይቁ ዳር ሲደረስ ምሰሶው ከመቆሙ በፊት ቀና ብሎ የኤሌክትሪክ ገመድ አለመኖሩን ማየት ግዴታ ነው፤ በመዝናኛዎቹ አካባቢ ገመዱ ዝቅ ብሎ ይዘረጋል፣ እርጥብ እንጨትም ቢሆን ከአልሙኒየም የሚሻለው በጥቂቱ ነው።